ደኅና የሰነበቱትንስ ማን ጠየቃቸው?



ባለፈው የትምህርት ወቅት እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች አምስት ሆነን፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች ወዳንዱ የመጠይቅ ወረቀት ይዘን ሄደን ነበር። የሆስፒታሉን ስም አንጠራም፤ የምናወሳው ጉዳይ ካንዱ ይልቅ የብዙዎቹ ነውና። ወረቀቱ የሠራተኛውን ጭንቀት የሚለካ ነው። እንቅልፍ እንቢ ብሎዎት ያውቃል? ምግብ አስጠልቶዎት ነበር? ሆድዎ እየባባ ተቸግረው ነበር? እያለ ይወርዳል።

በሥራው ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ አንዲት ሲስተር ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ስሞላ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ምን ያህል እንደ ታመምሁ የሚጠይቀኝ ሰው ሞልቷል። እስካሁን በምን እንደ ቆምሁ ግን የጠየቀኝ የለም» አሉን። መልስ አጥተን እስክሪብቶ አቀበልናቸው። ሞልተው መለሱልን። ማታ ስንደምረው የጭንቀት ቁጥራቸው ከክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘነው። ስም አይጻፍበትም በተባለ ወረቀት የማን መሆኑን በምን ዐወቃችሁ? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

በአገራችን ስለ ሆስፒታል ሠራተኞች ጭንቀት የተጠና ነገር የለም የሚል ሰው ካለ፣ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበትን መደርደሪያ አላየም ማለት ነው። በተለይም የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ መደርደሪያው ሞልቷል። ከመቶው ይህን ያህሉ ተጨንቋል፣ ይህን ያህሉ ዝሏል፣ ይህን ያህሉ ሥራውን ሊለቅ ያስባል ይላል። መደምደሚያው ላይም «የሚመለከተው ክፍል ትኩረት ይስጥበት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ የሚመለከተው ክፍል ማን እንደ ሆነ ግን ተጽፎ አላየንም። የእነዚያን ሰዎች ድካም ለማቃለል አይደለም። የታመመን መቁጠር ያስፈልጋል። ነገር ግን ስንት ሰው ወንዝ ውስጥ እንደ ገባ የሚቆጥር ሰው፣ ድልድዩ በየትኛው በኩል እንዳለ ዐውቋል አይባልም። ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ ሠራተኛውን ከጭንቀት የሚጠብቀው በሥራው ቦታ ያለው ነገር ራሱን ችሎ ይለካ፤ በየክፍሉ፣ ሰው በሚገባው አማርኛ፣ ውጤቱም ለተጠየቀው ሰው ተመልሶ።

ይህ ከእኛ የተገኘ አዲስ ሐሳብ አይደለም። (የውጭ አገር ሥራ ስንጠቅስ ዘመኑን እንደ አውሮጳውያን፣ የአገራችንን ስንጠቅስ እንደ አገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን።) አሮን አንቶኖቭስኪ የሚባል የእስራኤል የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የተነሣበት ነገር አለ። በመካከለኛው አውሮጳ የተወለዱና ወደ እስራኤል የገቡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን ጤንነት ሲመረምር፣ ከናዚዎች ማጎሪያ ካልገቡት ውስጥ ከመቶ 51ዱ፣ ከማጎሪያው ተርፈው ከወጡት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 29ኙ በመንፈስ ጤንነታቸው ደኅና ሆነው ተገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን የሁለቱን ቁጥር ልዩነት አይቶ «ማጎሪያው ሰውን ይህን ያህል ጎድቷል» ብሎ ጽሑፉን ይዘጋ ነበር። አንቶኖቭስኪ ግን 29ኙ ላይ ዐይኑ ቀረ። ያንን ሁሉ ያዩ ሰዎች በምን ኀይል ደኅና ሆኑ? ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ በደረሰበት ሐሳብ ሰውን የሚያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚደርስበት ነገር ምን እንደ ሆነ ሲገባው፣ የሚቋቋምበት መሣሪያ በእጁ ወይም በወገኑ እጅ ሲኖር፣ ድካሙም የሚደከምለት ነገር መሆኑን ሲያምን።

ይህን ወደ ሆስፒታል ክፍል ስናመጣው ፍልስፍና መሆኑ ይቀራል። የመጀመሪያው የማለዳ ርክክብና አስቀድሞ የታወቀ የተረኝነት ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ጓንት፣ ኦክስጅንና በቂ ሰው ነው። ሦስተኛው ከባድ ሕመምተኛ ድኖ ሲወጣ ማየት፣ «ደግ ሠራችሁ» የሚልም አለቃ ማግኘት ነው። ሁሉም የሚታይ፣ የሚቆጠርም ነገር ነው።

በዚያው በ1979 ሮበርት ካራሴክ የሚባል አሜሪካዊ የአሜሪካንና የስዊድንን ሠራተኞች መረጃ አነጻጽሮ፣ ሰውን የሚያደክመው የሥራው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ በሥራው ላይ ቃል ከማጣት ጋራ ሲገናኝ ነው አለ። በተግባር ልምምድ ሆስፒታል የገባ ጓደኛችን ሁሉ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል የቆመ ሐኪም ደክሞት ሲወጣ ፊቱ ይፈካል። «ዛሬ አንቺ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተዛውረሻል» ተብላ ያለ ምክንያት የተላከችው ነርስ ግን ሥራው ቀሎላት እንኳ ስትነፋረቅ ትውላለች። በ1988 ጆንሰንና ሆል የተባሉ ተመራማሪዎች የባልደረባና የአለቃ አጋዥነት በዚህ ላይ እንዲጨመር አደረጉ። በ1996 ደግሞ ዮሐንስ ዚግሪስት ድካምና ዋጋ ሲበላለጡ ሰው እንደሚታመም አሳየ፤ ዋጋ ሲልም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ክብርን፣ እድገትንና ከሥራ አልባረርም የሚለውን መተማመን ጨምሮ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን አሜሪካኖች በ1983 ያወጡት ጥናት ነው። በዚያን ጊዜ ነርስ ጠፍቶ ሆስፒታሎቻቸው ተጨንቀው ነበር። አጥኚዎቹ «ነርሶች ለምን ይሸሻሉ?» የሚለውን የተለመደ ጥያቄ ትተው፣ በዚያ ሁሉ እጥረት መካከል ነርሶች የማይለቁአቸውን 41 ሆስፒታሎች መርጠው «እዚህስ ለምን ይቆያሉ?» አሉ። ሆስፒታሎቹንም ሰው ስለሚስቡ ማግኔት አሏቸው። ከዚያ ሥራ በመነሣት በ2002 አይሊን ሌክ የምትባል ተመራማሪ 31 ጥያቄዎችን በአምስት ክፍል አዘጋጀች፤ ነርሶች በሆስፒታሉ ጉዳይ ይጠየቃሉን? የሕክምናው ጥራት መሠረት አለውን? የነርሶች ኀላፊ ችሎታና አጋዥነት አላትን? ሰውና ዕቃ ይበቃልን? ነርስና ሐኪም ይከባበራሉን? የሚሉ ናቸው። ይህ የመጨረሻው በእኛ አገር ቢለካ ምን ያህል ይወጣ ይሆን? ብለን እርስ በርሳችን ተሣሥቀናል።

«ይህስ ሳይለካም ይታወቃል፤ ደግ አለቃ ካለ ሠራተኛው ደኅና ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆነን በ1960 ኢዛቤል ሜንዚስ የምትባል ሴት በሎንዶን ከተማ ስለ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የጻፈችው ነው። ሆስፒታሉ ነርሶቹን ከኀዘንና ከጭንቀት ለመጠበቅ የተበጀ የሚመስል ሥርዐት ነበረው። ከሕመምተኛው ጋራ እንዳይላመዱ ቶሎ ቶሎ ከክፍል ክፍል ያዛውራቸዋል፤ ሕመምተኛውም በስሙ ሳይሆን በአልጋው ቁጥርና በታመመበት የሰውነት ክፍል ይጠራል። ሜንዚስ እንዳስተዋለችው ጭንቀቱን ያባሰው ራሱ ጋሻው ነበር። ከተማሪ ነርሶቹም ሢሶው ያህል ሥልጠናውን ሳይጨርስ ይወጣ ነበር። እኛ ዘንድ «የ5 ቁጥሩ» እና «ኩላሊቱ» ሲባል ያልሰማ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እንግዲህ ጠባቂ የመሰለ ሁሉ ጠባቂ ካልሆነ፣ መለካት ሊቀር አይችልም።

ወደ ሠፈራችን እንመለስ። በቦሌ ያለው የሚሌኒየም አዳራሽ የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን በዓል ለማክበር የተሠራ ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን ከ1,000 በላይ አልጋ ተዘርግቶበት የኮሮና ሕሙማን መታከሚያ ሆነ። ከዚያ በፊት ሕሙማኑን መቀበል የጀመረው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ያገለገሉት ሰዎች ከእኛ ትምህርት ቤት ብዙ አይርቁም። በሽታው አንድ ነው፤ ልብሱም ላቡም አንድ ነው፤ ቤተሰብን መፍራቱም አንድ ነው። ያም ሆኖ አንዱ ተሰብሮ ወጣ፤ ሌላው እስከ ዛሬ ያንን ጊዜ በኩራት ያነሣዋል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ከሰውየው ጠባይ ነው? ከቡድኑ ነው? የቡድኑ መሪ በየቀኑ እየመጣ የሚሆነውን ስለ ነገራቸው ነው? ያን ጊዜ የሚበዛው መጠይቅ ሰዎቹ ምን ያህል እንደ ፈሩ ጠየቀ። ዛሬ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ትዝታ ሲቆይ ይጣፍጣል፤ በዚያን ሰዓት እንደ ተለካ አይሆንም።

አሁን ደግሞ እንዴት ይለካ? ወደሚለው እንሂድ፤ ልባችን ያለው እዚህ ላይ ነው። የሕመም መለኪያዎቹ በአማርኛ ተፈትነዋል፤ ለምሳሌ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ በአዲስ አበባ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኛ ያየናቸው የጠባቂ ነገሮች ጥያቄዎች ግን ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጡ ናቸው። «ከቅርብ አለቃዎ ድጋፍ ያገኛሉ?» የሚለውን ስናነብላቸው አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ «የገንዘብ ነው?» አሉን። ሌላው «ድጋፍማ ሰልፍ ነው» ብሎ ሣቀ። ከዚህም በላይ የባህላችን ነገር አለ። ደኅና ነህ ወይ የተባለ ሰው ልጁ ታሞበት እንኳ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ማለቱ አይቀርም። ይህ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ነገር ግን «አለቃዎ ሐሳብዎን ያዳምጣሉ?» ለሚል ጥያቄም የሚመጣው ይኸው ጨዋነት ነው። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ ካሉት አምስት ሳጥኖች መካከለኛው ደግሞ የዝናብ መጠለያ ሆኖ አየነው፤ የፈራው ሁሉ እዚያ ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄው ስለ ስሜት ሳይሆን ስለ ሆነ ነገር ይሁን። «ባለፈው ወር የተረኝነት ፕሮግራምዎ ሳይነገርዎ ስንት ጊዜ ተለወጠ?» ለሚለው ጨዋነት መልስ አይሆንም፤ ቁጥር ነው። «ባለፈው ሳምንት ጓንት አልቆ ሥራ ያቆሙት ስንት ጊዜ ነው?»፣ «ርክክቡ ስንት ደቂቃ ፈጀ?»፣ «ሐኪሙ ዙር ሲጀምር ያዩትን ጠየቀዎት?» ብንል መልሱን ሌላው ባልደረባ ሊመሰክርለት የሚችል ይሆናል።

ሲስተርዋን በሌላ ቀን ተመልሰን፣ ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ በምን እንደ ቆሙ ጠይቀናቸው ነበር። የመለሱልን እንዲህ ነው። ኀላፊያቸው ፕሮግራሙን ወሩ ሳይገባ ትለጥፋለች፤ ሳትጠይቅም አትለውጥም። ከክፍሉ ሠራተኞች ጋራ ዕቁብ አላቸው። እናታቸው የሞቱ ጊዜ ሳይለምኑ ሦስት አዳር ተረኝነት ባልደረቦቻቸው ሸፈኑላቸው፤ ለቅሶውም ላይ ሐኪሙ ሳይቀር መጣ። ይኸው ነው። የዕቁቡና የለቅሶው ነገር ከ31ዱም ጥያቄዎች ውስጥ አይገኝም፤ ባይገኝ አያስደንቅም፤ የተጻፈው ለእኛ አይደለምና። «ለቅሶ ወይም ሕመም የገጠመዎት ጊዜ ማን ተካዎት? ተተኪ እስኪገኝስ ስንት ሰው ለመኑ?» የሚል ጥያቄ ግን በእኛ ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። በወረቀታችን ላይ ስም አልነበረበትም። ጾታ፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዘመንና ክፍል ግን ነበረበት። በክፍሉ ዘጠኝ ሰው ነው ያለው። ሴት፣ ዕድሜ ከሃምሳ በላይ፣ የሥራ ዘመን ከሃያ ዓመት በላይ ከተባለ፣ ስም መጻፉ ከዚህ ምን ይጨምራል? እኛ ዐወቅናቸው፤ ወረቀቱ በኀላፊ እጅ ቢገባ ኀላፊውም ያውቃቸው ነበር። ሲስተርዋ የሚሸሽጉት አልነበራቸውም፤ ክፉ ነገር የነበራት ወጣት ነርስ ግን ይህን በማየት መካከለኛዋን ሳጥን መርጣ ይሆናል። ከእንግዲህ ዕድሜና የሥራ ዘመን ቢቀሩ፣ ከአሥር ሰው በታች ያለበት ክፍልም ውጤቱ ከሌላ ክፍል ጋራ ተደምሮ ቢነገር ይሻላል።

ሌላም ስሕተት ሠርተናል። የሄድነው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ አዳር የሠሩት ሄደው ነበር። የለቀቁትንም አልጠየቅንም። የቀረውን ብቻ ጠይቆ «ሠራተኛው ደኅና ነው» ማለት፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰውን ቆጥሮ የሞተ የለም እንደማለት ነው። ደግሞም በከተማችን ብዙ የጤና ባለሙያ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ውሎ ማታ በግል ክሊኒክ ያመሻል። ያንዱን ሆስፒታል ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ወረቀት የዚያን ሰው ቀን ግማሹን አላየም።

ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ለመጨረሻ አቆይተነዋል፤ «መጀመሪያ ደመወዝ!» የሚለውን። የጤና ባለሙያዎች በ2011 ዓ.ም. ጥያቄያቸውን በአደባባይ አቀረቡ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ደመወዝና ስለ ተረኝነት ክፍያ ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ ከመካከላቸውም የታሰሩ ነበሩ። እንዲህ በሆነበት አገር «ሠራተኛውን የሚጠብቀው ጥሩ ርክክብ ነው» እያሉ መጻፍ በረኃብተኛ ፊት ስለ ገበታ አደራረግ ማስተማር እንዳይመስልብን እንሰጋለን። የተቃዋሚዎቻችን ፍርሀትም እውነት ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ በክፉ እጅ ቢወድቅ «የእናንተ ችግር የብር አይደለም፤ የመግባባት ነው» ለማለት ይመቻል። ሠራተኛውን ሰብስቦ «ዐይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ» የሚያሰኝ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ፣ የጓንቱን ነገር ዝም የሚል አስተዳዳሪም አይታጣም።

ሆኖም ከሐሳባችን አንመለስም። ደመወዙ ራሱ ከሚለኩት ነገሮች አንዱ ይሁን፤ «ያለፈው ወር የተረኝነት ክፍያ በስንተኛው ቀን ደረሰዎት?» ተብሎ ይጠየቅ። የዚግሪስት ትምህርት ይህንኑ ነው የሚለው። በዚያው ላይ ደመወዙ በቂ የሚሆንበት ቀን እስኪመጣ ድረስ በክፍሉ ኀላፊ ሥልጣን የሚለወጥ ነገር ብዙ አለ። ፕሮግራም አስቀድሞ ለመለጠፍ በጀት አያስፈልግም። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ መዛልን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ቦታ የሚመጣ ሁኔታ ብሎ መድቦታል። ከሥራ ቦታ የመጣ ከሆነ መለኪያውን ከሠራተኛዋ ልብ ላይ ብቻ አንሥተን ሥራ ቦታዋ ላይ ማድረጋችን ተገቢ ነው።

መምህሮቻችንን የምንለምነው ነገር አለ። የመጪው ዓመት ተመራቂዎች የጥናት ርእስ ሲመርጡ «የጭንቀት መጠን በእገሌ ሆስፒታል» የሚለውን አሥራ አንደኛ ጊዜ ከማጽደቅ ይልቅ፣ ቢያንስ ግማሹ ጥያቄ ስለ ጠባቂ ነገሮች እንዲሆን ያድርጉልን። ውጤቱም በሠላሳ ቀን ውስጥ ተጠያቂዎቹ ባሉበት ክፍል ግድግዳ ላይ በአንድ ገጽ ካልተለጠፈ ጽሑፉ አያልፍም ቢባል ደስ ይለናል። የክፍሉ ኀላፊም ከሥሩ «ይህን እለውጣለሁ፣ ይህን አልችልም፤ ምክንያቱም» ብላ ትጻፍበት። ነገ በዚያ ክፍል የምንመደበው እኛው ነን፤ ስለ ራሳችንም መለመናችን እንደ ሆነ አንክድም።

እኛ አምስታችን አሥራ አራት ጥያቄ አርቅቀናል። ሲስተርዋ አንብበው ሁለቱን «ይህ ለማስመሰል ነው» ብለው ሰረዙብን፤ አንድም ጨመሩልን። እንዲህ ይላል፦ «ሌሊት ከተረኝነት ሲወጡ ወደ ቤትዎ የሚደርሱት በምንድን ነው?» ከቦሌ ተነሥቶ አያት ወይም አራብሳ ኮንዶሚኒየም መግባት በዚያ ሰዓት ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኛ መካከል ያሰበው አልነበረም። ረቂቁ አሁን አሥራ ሦስት ጥያቄ ሆኖ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። የሚያርመው ወይም የሚጨምርበት ጓደኛ በእርሳስ ይጻፍበት፤ የነርስነት ተማሪዎች ደግሞ ሳትዘገዩ እንድታዩልን አደራ እንላለን።